ራጁ ምንም አያሳይም፣ ልጁ ግን ቅልጥሙን ያመዋል፤ አጥንት ጫና ሲበዛበት ምን ይሆናል?

ጠባሴ
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው የመጣሁት። ታናሽ ወንድሜ ከመንዝ፣ ከመሃል ሜዳ መጥቶ እኔ ጋ ደብረ ብርሃን ከተቀመጠ ወዲህ ሩጫ ጀምሯል። ዕድሜው 17 ነው። ተስፋ አለው ይሉታል፣ እኔም አምናለሁ። ጠዋት ጠዋት ከጓደኞቹ ጋር አስፋልቱን ይዘው ወደ ጫጫ ይወጣሉ፣ ከሰዓት ደግሞ ሜዳ ላይ ይሠራሉ። ክረምቱ ሲያበቃ ልምምዱን በአንዴ እጥፍ አደረጉት፤ ከዚያ በኋላ ቅልጥሙን ማመም ጀመረው። መጀመሪያ ሲሮጥ ብቻ ነበር። አሁን ደረጃ ሲወርድም ያነክሳል፣ ሌሊትም ይነዘንዘዋል። ራጅ ተነሳ፣ «አጥንቱ ደህና ነው» ተባልን። አሠልጣኙ ቻለው ይለዋል። እናታችን በስልክ ወጌሻ ይየው ትላለች። እኔ ያልገባኝ ይሄ ነው፦ አጥንት በሥራ ይጠነክራል አይደል የሚባለው? ታዲያ እየሠራ እንዴት ይታመማል?

ፊዚዮ ሸዋ
ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ልጁ ዛሬ ሩጫ ያቁም። ነገ አይደለም፣ ዛሬ። ማብራሪያው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

አጥንት በሥራ ይጠነክራል የሚባለው እውነት ነው። የሚጠነክረው ግን እየሮጥክ ሳለ አይደለም፣ አርፈህ ሳለ ነው። አጥንት ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ደም ይዞርበታል፣ በውስጡ ሴሎች ይኖሩበታል። ስትረግጥ በጣም በትንሹ ይታጠፋል፣ ስታነሳ ይመለሳል። በጠንካራ ሩጫ ጊዜ እንኳ ቅልጥም ከርዝመቱ ወደ 0.2 በመቶ ቢለጠጥ ነው። በአንድ ምት እንዲሰበር ከ1 በመቶ በላይ መለጠጥ አለበት። ስለዚህ አንድ እርምጃ ማንንም አይሰብርም። ችግሩ ብዛቱ ነው። በአንድ ኪሎ ሜትር ሩጫ አንዱ እግር ወደ 400 ጊዜ ይረግጣል፤ አሥር ኪሎ ሜትር ሲሆን 4,000 ጊዜ ማለት ነው፣ በጠዋት ብቻ። በዚህ መሃል በዓይን የማይታዩ ስንጥቆች ይፈጠራሉ። ይሄ በጤነኛ ሰውም የሚሆን ነገር ነው፣ አያስደነግጥም።

የሚያስቸግረው ጥገናው ነው። ሰውነት የተሰነጠቀውን ቦታ ለመጠገን መጀመሪያ ይቆፍረዋል። ኦስቲዮክላስት የሚባሉ ሴሎች አሮጌውን አጥንት በልተው ጉድጓድ ይተዋሉ፣ ይሄ ሦስት ሳምንት ገደማ ይወስዳል። ከዚያ ኦስቲዮብላስት የሚባሉት መጥተው አዲስ ይሞላሉ፣ ይሄኛው ደግሞ ሦስት አራት ወር ይፈጃል። ልብ በል፣ መቆፈሩ ፈጣን ነው፣ መሙላቱ ዘገምተኛ። ልምምዱን በአንዴ እጥፍ ያደረገ ልጅ በብዙ ቦታ ተቆፍሮ ገና ያልተሞላ አጥንት ይዞ ነው አስፋልት ላይ የሚወጣው። ትንፋሹና ጡንቻው በጥቂት ሳምንት ይለምዳሉ፣ አጥንቱ ግን ገና ነው። ስለዚህ ልጁ «ጉልበት አለኝ» ቢልህ አይዋሽም፤ ጉልበቱ አለ፣ አጥንቱ ነው ያልደረሰው።

ራጁ ንጹህ መሆኑ ምንም አያረጋግጥም። እንዲህ ያለ ጉዳት በራጅ ላይ ለመታየት ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይታይም። ቶሎ የሚያሳየው ኤምአርአይ የሚባለው በማግኔት የሚነሳ ምርመራ ነው። ነገሩ አዲስ ግኝትም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1855 ብራይትሃውፕት የሚባል የፕሩሲያ ጦር ሐኪም ረጅም ጉዞ በሚሄዱ ወታደሮች እግር ላይ ያየውን እብጠትና ሕመም ጽፏል፤ ራጅ ከመፈልሰፉ 40 ዓመት በፊት ማለት ነው።

አሁን አንድ ነገር ንገረኝ። ሕመሙ በአንድ ጣት የሚሸፈን ቦታ ላይ ነው ወይስ እንደ መዳፍ ሰፋ ያለ? ደግሞ ከቅልጥሙ የትኛው በኩል ነው፣ በውስጠኛው ጎን ወይስ ፊት ለፊት?

የመንዝ ሰው
ዶክተር ሆይ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ ይሄ ነገር ትንሽ የተጋነነ መሰለኝ። እኛ በመንዝ ገደል በባዶ እግራችን ከብት ስንጠብቅ ነው ያደግነው። እናቶቻችን ውሃ በጀርባቸው አዝለው ቁልቁለትና አቀበት ሲመላለሱ ኖረዋል። አበበ ቢቂላ ሸዋ ጃቶ ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትር ሮጦ ዓለምን ጉድ አስብሏል። ማን ነበር ራጅ ያነሳው? የዛሬ ልጅ ጫማው ለስላሳ፣ ምግቡ ለስላሳ ሆነና ነው። ልጁን አታስፈራሩት፣ ተስፋ ይቆርጣል።

ፊዚዮ ሸዋ
ዶክተር አይደለሁም ወንድሜ፣ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ያልከው ግማሹ ትክክል ነው፣ እንዲያውም የኔን ነገር ነው የሚያጠናክርልኝ።

በልጅነት የሚወርድ ጫና አጥንትን በደንብ ይሠራዋል። እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣ አንድ ጥናት የቴኒስ ተጫዋቾችን ሁለት ክንድ አወዳደሩ። ወንዶቹ ላይ የሚመቱበት ክንድ የአጥንቱ ግድግዳ ከሌላው 35 በመቶ ገደማ ይወፍር ነበር። ሰውዬው አንድ፣ ምግቡ አንድ፣ ደሙ አንድ፤ ልዩነቱ ጫናው ብቻ። እነዚህ ሰዎች የጀመሩት በልጅነት ነው። አንተም ከብት ስትጠብቅ ያደረግከው ነገር አጥንት የሚወደው ዓይነት ነው፦ ሩጥ፣ ቁም፣ ዝለል፣ ድንጋይ ላይ ውጣ፣ ተቀመጥ፣ እንደገና ተነስ። ጫናው ይለያያል፣ አቅጣጫው ይለያያል፣ መሃሉ ላይ ዕረፍት አለ።

ይሄ ዕረፍት ቀልድ አይደለም። ሩቢንና ላንየን የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1984 ያሳተሙት ሙከራ አለ፣ በወፍ ክንፍ አጥንት ላይ። በቀን 36 ጊዜ ብቻ አጥንቱን ሲጫኑት ጨመረ። 1,800 ጊዜ ሲጫኑት ደግሞ ከ36ቱ የተሻለ ነገር አልመጣም። አጥንቱ መልእክቱን በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ምቶች ይሰማና ጆሮውን ይዘጋል። በኋላ በአይጦች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ስሜቱ ተመልሶ እስኪመጣ ስምንት ሰዓት ገደማ እንደሚፈልግ ታይቷል። እንግዲህ ይሄ ልጅ አስፋልት ላይ አንድ ዓይነት እርምጃ በሺዎች ሲደጋግም ከመጀመሪያዎቹ በኋላ ያሉት አጥንቱን አያጠነክሩትም፣ ስንጥቁን ግን ይጨምሩበታል።

መንዝ በባዶ እግሩ ያደገ ልጅ ነው እኮ ይሄ ልጅ ራሱ። ጥሩ መሠረት አለው። ያጠፋው ልምምዱን በአንዴ እጥፍ ያደረገው ሰው ነው።

ልኳንዳ ሸዋ ሮቢት
እኔ ስለ ሕክምና አላውቅም፣ አጥንት ግን በየቀኑ እቆርጣለሁ። ሰው ልብ የማይለው ነገር ስላለ ልናገር። የበሬ ታፋ አጥንት በመጋዝ መሃሉን ስትቆርጠው ግድግዳው ወፍራም ነው፣ ነጭ ነው፣ መጋዙ ይጮኻል። ውስጡ ባዶ ቱቦ ነው፣ መቅኔው ብቻ ነው ያለው። ወደ መገጣጠሚያው ስትጠጋ ግን ግድግዳው እየሳሳ ይሄዳል፣ መጋዙም ዝም ይላል። ውስጡ በቀጫጭን አጥንቶች ይሞላል። አንዴ ለሁለት ሰንጥቄ በፈላ ውሃ አጠብኩትና መቅኔው ወጣ። ቀጫጭኖቹ ዝም ብለው የተበተኑ አይደሉም፣ መስመር ይዘው ነው የተሰለፉት። አንዱ ረድፍ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሌላው ረድፍ ጎንበስ ብሎ ያቋርጠዋል። የሚገናኙበት ቦታ ሁሉ ከሞላ ጎደል ቀጥ ያለ መስቀለኛ ነው። እንደዚህ አድርጎ የሠራው ምን አስቦ ነው እያልኩ ስገረም ነው የኖርኩት።

መሐንዲሱ ከሰላ ድንጋይ
ልኳንዳው፣ ያየኸው ነገር እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ዙሪክ ላይ ሁለት ትልልቅ ሰዎችን ያስደነቀ ነው። ፎን ማየር የሚባለው የአካል ጥናት ሊቅ ልክ እንዳንተ የሰው ጭን አጥንት ሰንጥቆ መስመሮቹን አየ። ኩልማን የሚባል መሐንዲስ ደግሞ ሥዕሉን ሲያይ ለክሬን ከሠራው የጫና ስሌት ጋር በጣም እንደሚመሳሰል ልብ አለ። መስመሮቹ አጥንቱ ሲጫን የሚጨመቅበትንና የሚሳብበትን አቅጣጫ ነው የተከተሉት። ቀጥ ባለ መስቀለኛ መገናኘታቸውም ከዚያ ነው የመጣ፤ ከፍተኛው መጨመቅና ከፍተኛው መሳብ ሁልጊዜ በ90 ዲግሪ ነው የሚተላለፉት። በኋላ ዩሊየስ ቮልፍ የሚባል ጀርመናዊ ቀዶ ሐኪም በ1892 መጽሐፍ ጽፎ ነገሩን ሕግ አደረገው፦ አጥንት የሚሸከመው ጫና ሲለወጥ ቅርጹም ይለወጣል።

ቱቦ የሆነበትንም ምክንያት ልጨምር። አንድ ነገር ሲታጠፍ አንዱ ጎኑ ይሳባል፣ ተቃራኒው ይጨመቃል፣ መሃሉ ላይ ምንም የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ መሃል ላይ ያለ አጥንት ክብደት እንጂ ጥቅም የለውም። ያንኑ አጥንት ወደ ውጭ አውጥተህ ብታስቀምጠው ለመታጠፍ በጣም ይከብዳል። ዲያሜትሩ ትንሽ ሲሰፋ ጥንካሬው ብዙ ይጨምራል። ሰው ሲያረጅ አጥንቱ ከውስጥ እየሳሳ ከውጭ በጥቂቱ የሚሰፋውም ለዚህ ይጠቅመዋል።

ከምን እንደተሠራ ካወቃችሁ ደግሞ የወንድማችሁ ነገር ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ከክብደቱ ወደ 65 በመቶው ማዕድን ነው፣ ካልሲየምና ፎስፌት። ቀሪው ኮላጅን የሚባል ክርና ውሃ ነው። ያገራችን የጭቃ ቤት ግድግዳ ማለት ነው፤ ጭቃው ሲጫኑት ይችላል፣ ሲስቡት ግን ይሰነጠቃል፣ እንዳይሰነጠቅ ይዞ የሚያቆመው ጭዱ ነው። ኮላጅኑ ጭዱ ነው። ቢሆንም አጥንት ከመሳብ ይልቅ መጨመቅን ይችላል። በመጨመቅ በካሬ ሳንቲ ሜትር ወደ 19 ኩንታል ይሸከማል፣ በመሳብ ግን ወደ 13 ኩንታል። ስለዚህ ሲታጠፍ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው የሚሳበው ጎን ነው። ሲጠመዘዝ ደግሞ ስብራቱ ዙሪያውን እየዞረ ይወጣል። ሐኪም የስብራቱን ቅርጽ አይቶ ሰውዬው እንዴት እንደወደቀ የሚያውቀው ለዚህ ነው።

ጠባሴ
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፊዚዮ፣ ልጁን ጠይቄ መጣሁ። በአንድ ጣት ነው የሚያሳየው። ከጉልበቱና ከቁርጭምጭሚቱ መሃል፣ ፊት ለፊት፣ ስለታሙ ጠርዝ ላይ። ስነካው ጮኸ። ትንሽ ጉብ ያለ ነገርም አለው።

ፊዚዮ ሸዋ
በል ስማኝ። መሐንዲሱ የጻፈውን አሁን መልሰህ አንብበው። ቅልጥም ስንረግጥ ወደ ፊት ጎበጥ ይላል፤ የኋላው ጎን ይጨመቃል፣ የፊቱ ጠርዝ ይሳባል። አብዛኞቹ የሯጮች ጉዳቶች በውስጠኛውና በኋላው ጎን ናቸው፣ የሚጨመቀው በኩል፤ እነሱ ካረፉ ብዙውን ጊዜ በስድስት በስምንት ሳምንት ይድናሉ። የፊቱ ጠርዝ ግን ሌላ ነው። ስንጥቁ በእያንዳንዱ እርምጃ ይከፈታል፣ በዚያ ላይ የደም ዝውውሩ አነስተኛ ነው። ቸል ከተባለ አንድ ቀን በሩጫ መሃል ሙሉ በሙሉ ሊሰበር ይችላል።

በርግጠኝነት እሱ ነው አልልህም፣ በጽሑፍ ምርመራ አይደረግም። ግን እስኪረጋገጥ ድረስ እንደሱ ቆጥረህ ያዘው። ሩጫ የለም፣ ዝላይ የለም፣ ገመድ መዝለልም የለም። ሲራመድ የሚያመው ከሆነ ክራንች ይያዝ። የአጥንት ስፔሻሊስት ይየው፣ ራጅ ተነስቷል ብላችሁ አትመለሱ፣ ኤምአርአይ ይታዘዝልን በሉ። በአካባቢው ካልተገኘ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ቦታው በፍጹም አይታሽ።

የመንዝ ሰው
ይሄንን አላውቅም ነበር። ልጁ ይታከም፣ ወጪው የሚከብድ ከሆነ እዚሁ ንገረን፣ ያገር ልጅ ነው።

ወይኒ አንኮበር
እኔ ስለ እናቶች ነው የምጠይቀው። እናቴ ዕድሜ ልኳን ውሃና እንጨት ተሸክማለች። ጫና ካጠነከረ እሷ ብረት መሆን ነበረባት። ባለፈው ዓመት ግን ደጃፍ ላይ አዳልጧት በእጇ ስትመረኮዝ አንጓዋ ተሰበረ። ወገቧም ጎብጧል፣ ቁመቷ በዓይኔ ቀንሷል። ሌላም አለ፦ እዚህ አገር የሚሮጡ ልጃገረዶችን አውቃለሁ፣ የወር አበባቸው ሲቀር «ሰውነቴ ቀለለ» ብለው ደስ ይላቸዋል። ይሄ ልክ ነው ወይ?

ፊዚዮ ሸዋ
እህቴ፣ የኋለኛውን ላስቀድም። ልክ አይደለም፣ አደገኛ ነው። የወር አበባ መቅረት አብዛኛውን ጊዜ የሚበሉት ምግብ ለልምምዱ እንደማይበቃ ምልክት ነው። ሰውነት ኃይል ሲያጥረው መጀመሪያ ከሚቀንሳቸው ነገሮች አንዱ አጥንት መሥራት ነው። ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ሲወርድ ደግሞ ቆፋሪዎቹ ሴሎች ይበረታሉ። እንደዚህ ያለች ልጅ ስትሮጥ ስንጥቁ ይፈጠራል፣ የሚሞላው ግን ይጠፋል። እባክሽ እነዚያን ልጆች ንገሪያቸው፣ ሐኪም ይያቸው። ወንዶቹም ላይ ይደርሳል፣ እነሱ ላይ ግን ምልክቱ ቶሎ አይታይም።

እዚህ ላይ ስለ ጾም ላንሳ፣ ሳይነሳ ስለሚቀር። ዐቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመው ጠዋት 20 ኪሎ ሜትር የሚሮጡ ልጆች አሉ። ጾሙን ተዉት አልልም፣ የኔ ቦታ አይደለም፤ የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ። ግን ልምምዱን መቀነስ ወይም ከሰዓት በኋላ ማድረግ ይቻላል፣ ከጾሙ ሰዓት በኋላ ሲበሉም ምግቡ በዛ ይበል። ሽሮ፣ ምስር፣ ሱፍ፣ ጎመን፣ ሰሊጥ። ጤፍ ራሱ ከብዙ እህሎች የተሻለ ካልሲየም አለው።

የእናትሽ ነገር እንዲህ ነው። ሴት ልጅ የወር አበባዋ ሲቆም ኤስትሮጅን ይወርዳል፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት አጥንቷ በፍጥነት ይሳሳል። ልኳንዳው ያሳየን ቀጫጭኖቹ መስመሮች ናቸው ቀድመው የሚያልቁት፤ አንድ መስመር ከተቆረጠ መልሶ አይገጠምም። እነሱ የሚበዙት በወገብ አጥንቶች፣ በእጅ አንጓና በዳሌ ነው፤ የእናትሽም ስብራት እዚያው ነው የወጣው። የጎበጠችው የወገቧ አጥንቶች ከፊት በኩል እየተጨፈለቁ ስለሄዱ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ተሸክሞ ቀስ ብሎ መሄድ ለአጥንት እንደ ዝላይ አይደለም። ክብደቱ ብዙ ነው፣ ግን የሚለዋወጥ ነገር የለውም፣ አጥንት ደግሞ የሚሰማው ለውጡን ነው፣ ፍጥነቱን። ሸክሙ ምንም አልጠቀማትም ማለቴ አይደለም። ባትሸከም ኖሮ ምናልባት ከዚህ በፊት ይሰበር ነበር። አሁን ግን በጀርባዋ 20 ሊትር ጀሪካን አታሸክሟት፣ ጎንበስ ብላም ከባድ ነገር አታንሳ። ፀሐይ ትሙቅ፣ ያገራችን ብርድ ሰውን ጋቢ ውስጥ ከቶ ነው የሚያውለው፣ ቆዳ ፀሐይ ካላየ ደግሞ ቫይታሚን ዲ አይሠራም። በአንጓ የተሰበረች እናት ቀጥሎ በዳሌዋ እንዳትሰበር መድኃኒት አለ፣ ሐኪም ጠይቂላት።

የወጌሻ ልጅ
ልጆቼ፣ እኔ 68 ዓመቴ ነው፣ አባቴ በሞረትና ጅሩ የታወቁ ወጌሻ ነበሩ። ወጌሻን እንዲህ ስታጣጥሉ ቅር ይለኛል። አባቴ የጠገኑት እግር ዛሬም ይሄዳል። ሳይንሱ ያንን እንዴት ያየዋል?

ፊዚዮ ሸዋ
አባቴ፣ ማንም አላጣጣለም፣ ይቅር ይበሉን። ሳይንሱ እንዲያውም በአንድ ነገር ከአባትዎ ጋር ይስማማል። የተሰበረ አጥንት ጭራሽ እንዳይነቃነቅ ተደርጎ ከሚታሰር ይልቅ ጥቂት ቢነቃነቅ አብዛኛውን ጊዜ ዙሪያውን ጥሩ አድርጎ ያብጥና ይገጥማል፣ በራጅ ላይ እንደ ደመና ነጭ ሆኖ የሚታየው እሱ ነው። ወጌሻ የሚያስርበት ቀርከሃ ያንን ትንሽ እንቅስቃሴ ይሰጣል። ፔረን የሚባል ስዊዘርላንዳዊ ቀዶ ሐኪም መጠኑን አስልቶታል፦ በስብራቱ መሃል መጀመሪያ የሚበቅለው ለስላሳ ሥጋ እጥፍ እስኪሆን ቢሳብ ይችላል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ካርቲሌጅ የሚባለው ተጣጣፊ አጥንት 10 በመቶ፣ የጠነከረው አጥንት ግን 2 በመቶ ብቻ። ስለዚህ መጀመሪያ ትንሽ እንቅስቃሴ፣ እየቆየ መጽናት። ከዚህ ያለፈ እንቅስቃሴ ካለ አይገጥምም።

የኔ ፍርሃት ማሰሪያው ሲጠብቅ ነው። ከስብራት በኋላ እግር ያብጣል። ማሰሪያው ካልላላ ደም ይቆማል፣ ሥጋው ይሞታል። በዚህ ምክንያት እግራቸውና እጃቸው የተቆረጠ ልጆች አሉ፣ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ያንን ያየ ሰው ዝም ማለት አይችልም። ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ፣ ከጠቆረ፣ ወይም ጣቱን ቀና ሲያደርጉለት ሕመሙ ከበረታ ማሰሪያው በዚያው ሰዓት መፈታት አለበት። ማደር የለበትም። ጀሶም ቢሆን ያው ነው።

የወጌሻ ልጅ
አባቴም ማታ ማታ ተነስተው ጣት ይዳብሱ ነበር። ይሄን የሚያደርግ ወጌሻ ዛሬ ጥቂት ነው። ተባረክ ልጄ።

ሦስተኛ ዓመት
የሕክምና ተማሪ ነኝ፣ አንድ ነገር ላክል። ፊዚዮ «አጥንቱ ይሰማል» ያለው ምሳሌ ብቻ አይደለም። አጥንት ውስጥ ካሉ ሴሎች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ኦስቲዮሳይት ይባላሉ፣ በጠንካራው አጥንት ውስጥ ተቀብረው በቀጫጭን ቦዮች እጅ ለእጅ የተያያዙ ናቸው። አጥንቱ ሲታጠፍ በቦዮቹ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይገፋል፣ ሴሎቹ ግፊቱን ያውቃሉ። ያኔ ስክለሮስቲን የሚባል ፕሮቲን ይቀንሳሉ፤ ይሄ ፕሮቲን የአጥንት ሠሪዎቹን የሚያግድ ነው፣ ሲቀንስ ሥራው ይጀመራል። ሰው አልጋ ላይ ከዋለ ግን ይጨምራል። ጠፈርተኞች መድኃኒትም ስፖርትም ካልጠበቃቸው ከዳሌያቸው በወር ከ1 እስከ 1.5 በመቶ አጥንት ያጣሉ። ፈሳሹ የሚንቀሳቀሰው አጥንቱ ሲታጠፍና ሲመለስ ነው፣ የቆመ ጫና ላይ ፈሳሹም ይቆማል። ወይኒ የጠየቀችው ሸክም ከዝላይ የሚለየው በዚህ ነው።

ሌላው የሚገርመኝ አጥንት ይሄን ታሪክ ከሞት በኋላም ይዞ መቆየቱ ነው። ድንቅነሽ እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ ተገኘች፣ በ2008 አሜሪካ አጥንቶቿ በራጅ ስካን ተነሱ፣ በ2016 ውጤቱ ወጣ። የክንዷ አጥንት ከጭኗ ጋር ሲነጻጸር ከእኛ ይልቅ ወደ ቺምፓንዚ የተጠጋ ጥንካሬ ነበረው። ዛፍ ትወጣ ነበር ማለት ነው፤ ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በላይ አልፎም ክንዷ ላይ የወረደው ጫና ይነበባል።

ጠባሴ
ስፔሻሊስት ጋ ደረስን። ኤምአርአይ አዲስ አበባ ተነስቶ ስንጥቁ ታየ፣ ፊት ለፊቱ ጠርዝ ላይ ነው። ሙሉ በሙሉ አልተሻገረም ብለውናል። ለጊዜው ክራንች ይዟል፣ ካልገጠመ ብረት ይገባል አሉ። ልጁ አልቅሷል። እኔም አልደበቅኳችሁም፣ ተሰምቶኛል። ሲመለስ እንዴት ይጀምር?

ፊዚዮ ሸዋ
ጊዜ ላይ ስለደረሳችሁ እግዚአብሔር ይመስገን። ይሄኛው ቦታ ቶሎ አይገጥምም፣ ወራት ሊወስድ ይችላል፣ ቀን አትቁጠሩ። ቀኑን የሚወስነው ስፔሻሊስቱ ነው። ሲፈቀድ መጀመሪያ ያለ ሕመም መራመድ፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ ሮጦ ሁለት ደቂቃ መራመድ፣ መሃል ላይ አንድ ቀን እያረፈ። ከአስፋልቱ ይልቅ ሣሩ ላይ ይጀምር፣ የሚመርጠው ሣር ግን ጉድጓድ የሌለው ይሁን። ፍጥነቱንና ርቀቱን በአንድ ሳምንት አይጨምር፣ አንዱን ብቻ። ጫናው በ10 በመቶ ሲጨምር አጥንቱ የሚችለው የእርምጃ ብዛት በግማሽ ገደማ ሊወርድ ይችላል፤ ስለዚህ ትንሽ የሚመስለው ጭማሪ ትንሽ አይደለም። የባት ጡንቻውን ያጠንክር፣ ጡንቻ ሲደክም መታጠፉን የሚሸከመው አጥንቱ ብቻውን ነው። አሠልጣኙንም ይዘኸው ና፣ ላናግረው እፈልጋለሁ፣ ልወቅሰው አይደለም። ሌሎቹ ልጆች አሉ።

ባጃጅ ደብረ ሲና
ከዚህ ጋር ከተገናኘ እኔም ልጠይቅ። ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ተገልብጬ ጭኔ ተሰብሮ ብረት ገብቶልኝ ነበር። ገጥሟል ተብሎ አሁን ብረቱ ሊወጣልኝ ነው። ወጥቶ በሳምንቱ እህል መጫን እችላለሁ ወይ? የመኸር ጊዜ ነው፣ ሥራ አለብኝ።

መሐንዲሱ ከሰላ ድንጋይ
አትጫን ወንድሜ። ብረቱ እስካሁን ጫናውን ተካፍሎልህ ነው የኖረው፣ ስለዚህ ከሥሩ ያለው አጥንት ትንሽ ሰነፍ ሆኗል፣ ሳስቷል። በዚያ ላይ ብሎኑ የነበረባቸው ቀዳዳዎች ይቀራሉ። ቀዳዳ ባለበት ነገር ጫናው ቀዳዳው ጠርዝ ላይ ይሰበሰባል፣ በተለይ ሲጠመዘዝ።

ፊዚዮ ሸዋ
ልክ ነው። ቀዳዳዎቹ እስኪሞሉ ጥቂት ወራት ይፈልጋሉ። መራመድ ትችላለህ፣ መራመዱ እንዲያውም ያስፈልገዋል፣ የሳሳው የሚመለሰው በሱ ነው። ኩንታል መሸከም፣ ከባጃጅ ላይ መዝለል፣ እግር ተክሎ መጠምዘዝ ግን አይሆንም። መቼ እንደምትጫን ብረቱን የሚያወጣልህን ሐኪም ቀኑን አስጽፈው። እህሉን ዘንድሮ ሌላ ሰው ይጫንልህ።